ቤት ቁጥር የሌላቸው፦ የመርካቶ በረንዳ አዳሪዎች ብዛትና ጤና

በአዲስ አበባ አንድ ሰው በአስተዳደሩ ዘንድ ነዋሪ ተብሎ የሚታወቀው በቤት ቁጥር ነው። የነዋሪነት መታወቂያ የሚሰጠው፣ የተወለደ ልጅ የሚመዘገበው፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነት የሚታደሰው፣ ለችግረኛ የነፃ ሕክምና ደብዳቤ የሚጻፈው፣ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም የምታንኳኳው በር የሚለየው በዚሁ ቁጥር ስለሆነ፣ ቤት ያጣ ሰው ጣሪያውን ባጣበት ቀን ከመዝገቡም አብሮ ይወጣል። በጎዳና ላይ ስለሚያድሩ ሰዎች ብዛት፣ ስለ ዕድሜያቸውና ስለ ጾታቸው እንዲሁም ስለሚያጠቃቸው በሽታ የሚነገረው ሁሉ ግምት ሆኖ የሚቀረው በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ነው፤ የጤናቸው መጓደልም ቢሆን በሽታ ከሚያመጡት ተሕዋስያን ባልተናነሰ ከዚሁ የምዝገባ ሥርዓት ይመነጫል።

ሥርዓቱ ረጅም ዕድሜ አለው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ለማድረግ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን ሲያቋቁም፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች በቀበሌ እጅ እንዲተዳደሩ በማድረጉ ቀበሌው በአንድ ጊዜ አከራይም፣ መዝጋቢም፣ የሠፈር ዳኛም ሆነ። ከዚያ በኋላ ስኳርና ዘይት በቀበሌ ሱቅ የሚታደለው በቤተሰብ ካርድ ነበር፤ ካርዱም የሚሰጠው ለተቆጠረ ቤት ነበር። አዋጁን ያወጣው መንግሥት ካለፈ፣ ቀበሌም በወረዳ ከተተካ ብዙ ዓመታት ቢቆጠሩም፣ ሰውን በቤቱ የማወቅ ልማድ ግን በመዝገብ ቤቶች መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠ አለ። ከሌላ ወረዳ ወይም ከክልል የመጣ ሰው መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞ ቀበሌው መሸኛ ማምጣትና የሚኖርበትን ቤት ማስመስከር ስለሚጠበቅበት፣ ሁለቱም የሌሉት ሰው በከተማዋ አሥር ዓመት ቢሠራም በወረቀት ረገድ ገና አልደረሰም።

ይህ ነገር ከየትኛውም ሥፍራ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በዚህ ክፍለ ከተማ 255,372 ሰዎችን መዝግቧል፤ የቆዳ ስፋቱ 7.41 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑም በእያንዳንዱ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ከ34,000 በላይ ሰው ይኖር ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሊካሄድ የታቀደው አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ በመራዘሙ፣ የከተማዋ ዕቅድ ሁሉ ዛሬም ከዚያ ዓመት በሚነሣ ትንበያ ላይ የቆመ ነው። የክፍለ ከተማው እምብርት የሆነው መርካቶ የተቆረቆረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲሆን፣ የወረራው አስተዳደር በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ የነበረውን ትልቁን ገበያ ከአውሮፓውያን መንደር ለማራቅ ሲል ወደ ምዕራብ አዛውሮ «ለአገሬው» የተለየ ገበያ አደረገው። ከገበያው ጎን አውቶቡስ ተራ ሲጨመርበት አካባቢው ከመላው አገሪቱ የሚመጣ እህል፣ ቡና፣ በርበሬ፣ ቆርቆሮና ሰው በአንድነት የሚራገፍበት ሆነ። እህል በረንዳና ጎጃም በረንዳ የተባሉት ሠፈሮች እስከ ዛሬ ስማቸው የሚጠራው በዚያ ንግድ ነው።

በተባበሩት መንግሥታት የቆጠራ መመሪያ መሠረት ቤት አልባነት በሁለት ደረጃ ይከፈላል። የመጀመሪያው ደረጃ ምንም ዓይነት መጠለያ ሳይኖረው በመንገድ፣ በበረንዳ ወይም በሜዳ የሚያድረውን ሰው የሚመለከት ሲሆን፣ ሁለተኛው ደረጃ ደግሞ ቋሚ አድራሻ ሳይኖረው ከአንዱ ጊዜያዊ ማደሪያ ወደ ሌላው የሚዘዋወረውን ይጨምራል። በመርካቶ ይህ ክፍፍል በአንድ ሰው ሳምንት ውስጥ ይፈራረሳል፤ ሰኞና ማክሰኞ ሥራ ያገኘ ተሸካሚ በአዳር ከፍሎ ከብዙ ሰዎች ጋር በአንድ ወለል ላይ ሊተኛ፣ ረቡዕ ሥራ ሲጠፋ ወደ በረንዳ ሊመለስ፣ ዝናብ በበረታበት ሌሊት ደግሞ በላስቲክ ቤት ከሚኖር የአገሩ ልጅ ዘንድ ሊጠጋ ይችላል። በየትኛው ሌሊት ቢቆጠር ነው እውነተኛው ቁጥር የሚገኘው የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕፃናትን በሚመለከት የተሰጡት ግምቶች የችግሩን ስፋት ሳይሆን የመቁጠሪያውን ልዩነት ያሳያሉ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር በመላው አገሪቱ 150,000 ገደማ የጎዳና ልጆች እንዳሉና ከእነዚህም 60,000 ያህሉ በአዲስ አበባ እንደሚገኙ ሲገልጽ፣ በዚያው ወቅት የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት (ዩኒሴፍ) የአገሪቱን ቁጥር ወደ 600,000፣ የዋና ከተማዋን ደግሞ ከ100,000 በላይ አድርሶት ነበር። አራት እጥፍ የሚሆነው ይህ ልዩነት በከፊል የሚመጣው ቀን ሊስትሮ ሠርቶ፣ ማስቲካና ሶፍት ሸጦ ማታ ወደ ወላጆቹ ቤት የሚገባውን ልጅ፣ ከቤተሰቡ ተለይቶ ሌሊቱንም በጎዳና ከሚያሳልፈው ልጅ ጋር አንድ ላይ ከመቁጠር ወይም ለይቶ ከመቁጠር ነው። ሁለቱ ልጆች ጠዋት በአንድ ጥግ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጫማ ሲጠርጉ ቢታዩም፣ ከጤና አንፃር ግን የሚኖሩት በተለያየ ዓለም ነው።

የበረንዳው ሥርዓት

መርካቶ የሚያድሩት ሰዎች ከገበያው ውጭ ያሉ፣ ገበያውን የሚያስቸግሩ እንግዶች ተደርገው መታየታቸው የተለመደ ነው፤ ይሁን እንጂ አብዛኞቹ የገበያው ጉልበት ናቸው። የከባድ ጭነት መኪኖች በቀን ወደ መሀል ከተማ የሚያደርጉት እንቅስቃሴ የተገደበ በመሆኑ ከፍተኛው የማራገፍ ሥራ የሚከናወነው ከምሽት እስከ ንጋት ሲሆን፣ የሲሚንቶ፣ የስኳርና የእህል ጆንያ በጫንቃው የሚያወርደው ሰው በዚያው ሰዓት በዚያው ሥፍራ መገኘት አለበት። ቤት ቢከራይ እንኳን የሚያገኘው በከተማዋ ዳርቻ ስለሚሆን፣ ለትራንስፖርትና ለኪራይ የሚያወጣው ገንዘብ የሌሊቱን ድካም ይበላዋል። ከጉራጌ፣ ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከሰሜን ሸዋና ከጎጃም የሚመጡት ወጣት ወንዶች ብዙውን ጊዜ ገጠር ለቀሩት ወላጆችና ታናናሾች ገንዘብ ስለሚልኩ፣ በረንዳ ማደር ለእነርሱ ከቁጠባ የሚቆጠር ስሌት ነው። ከፊሎቹም አዝመራ ተሰብስቦ የእርሻ ሥራ ሲቀዘቅዝ መጥተው ክረምቱ ሲቃረብ የሚመለሱ በመሆናቸው፣ በጥር የታየው ሕዝብ በሐምሌ ከሚታየው ጋር አንድ አይደለም።

ወደ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ሱቆች ተራ በተራ መዝጊያቸውን እያወረዱ ሲቆልፉ፣ የቀኑ ሸቀጥ የመጣበት ካርቶን ከመጣያው ተለቅሞ ይሰበሰባል። ወፍራሙ የማቀዝቀዣና የቴሌቪዥን ካርቶን ከመሬት የሚወጣውን ብርድ ስለሚያግድ ከስሱ የጫማ ካርቶን ይልቅ ይፈለጋል፤ ከላዩ ኬሻ፣ ከኬሻው ላይ ደግሞ ዝናብ በሚጥልበት ወቅት ላስቲክ ይደረባል። በደጃፉ መተኛት እንደ ልብ የሚሆን ነገር አይደለም፤ የሱቁ ባለቤት የቀጠረው ዘበኛ ማን የት እንደሚተኛ ያውቃል፣ የታወቁት አዳሪዎችም በበኩላቸው መቆለፊያ ለመስበር የሚመጣ ሰው ቢኖር የመጀመሪያዎቹ ነቂዎች በመሆናቸው መኖራቸው ለባለሱቁ ይጠቅመዋል። አዲስ መጤው ግን ዋስ የሚሆነው የአገሩ ሰው እስኪያገኝ ድረስ ጣሪያ በሌለበት በቱቦ ክዳንና በአጥር ጥግ ይቆያል፤ በሳንባ ምችም ሆነ በሌቦች ድብደባ ይበልጥ የሚጠቃው ይኸው ሰው ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ ብርድ ውርጭ የሚጥልበት ጊዜ አለ፤ ክረምቱ ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ልብስ ሳይደርቅ ሌላ ዝናብ የሚመጣበት ነው። ምግብን በተመለከተ ከሆቴሎችና ከምግብ ቤቶች ትራፊ ተሰብስቦ በርካሽ የሚሸጠው ቡሌ ሆድ የሚሞላ ቢሆንም፣ ሲደባለቅና ሲቆይ በቀላሉ ስለሚበላሽ የተቅማጥና የሆድ ሕመም ዋና ምንጭ ነው።

በልጆቹ ዘንድ ረሀብንና ብርድን ለመርሳት የሚያገለግለው ማስቲሽ ነው። ለጫማ ሥራ የሚሸጠው ይህ ማጣበቂያ በውስጡ ቶሉዊን የተባለ የሚተን ኬሚካል ስላለው፣ በተለምዶ ሃይላንድ በሚባለው የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ተጨምሮና በእጅጌ ሥር ተይዞ ሲሳብ በደቂቃዎች ውስጥ ያደነዝዛል፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድም አንጎልን፣ ነርቭንና ኩላሊትን ይጎዳል፣ የልብ ምትንም አዛብቶ በድንገት ሊገድል ይችላል። የጫማ ሠሪዎች መንደር የሆነው መርካቶ ለዚህ ንጥረ ነገር ከየትኛውም ሠፈር ይልቅ ቅርብ መሆኑ፣ ሽያጩን ለመቆጣጠር የሚደረገውን ሙከራ ሁሉ ከእውነተኛ ኑሮ ፍላጎት ጋር ያጋጨዋል፤ ለአንዱ ልጅ መርዝ የሆነው ለሌላው ባለሙያ የዕለት እንጀራ ነውና።

ሴቶች በቁጥር አናሳ ሆነው መታየታቸው አሳሳች ነው። ብቻዋን በጎዳና የምታድር ሴት የፆታ ጥቃት ስለሚያሰጋት ወይ ከአንድ ወንድ ወይም ከቡድን ጋር ትጠጋለች፣ ወይ ደግሞ በራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ሰው በሚመላለስበት፣ መብራት ባለበት ሥፍራ ከሌሎች እናቶች ጋር ትሰበሰባለች፤ ቀን በሰው ቤት ሠርታ ማታ ወደ ጎዳና የምትመለሰውም በቆጣሪ ዓይን አትገባም። ጥበቃ ተብሎ የሚመሠረተው ጥምረት ራሱ ብዙ ጊዜ ወዳልታሰበ እርግዝናና ወደ አባላዘር በሽታ ያመራል። ወሊድ በመንግሥት ጤና ተቋማት ከክፍያ ነፃ በመሆኑ በዚህ ረገድ በሩ አልተዘጋም፤ ችግሩ የሚጀምረው እናቲቱ አራስ ሆና ከተሰናበተች በኋላ፣ የክትባትና የአራስ ክትትል የሚደረገው ቤት ለቤት በሚሆንበት ጊዜ ነው።

በዕድሜ የገፉት፣ አካል ጉዳተኞችና በቅርብ ዓመታት በጦርነትና በግጭት የተፈናቀሉት ቤተሰቦች በአብዛኛው ልመና ላይ የተሰማሩ ናቸው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ከ5 ሚሊዮን በላይ አዲስ የአገር ውስጥ መፈናቀል ተመዝግቦባታል፤ ይህም እስከዚያ ጊዜ ድረስ በየትኛውም አገር በአንድ ዓመት ከተመዘገበው ይበልጣል። ከተፈናቃዮቹ ወደ አዲስ አበባ የደረሱት ጥቂቶች ቢሆኑም፣ ሙሉ ቤተሰብ ከነልጆቹ በአንድ ላስቲክ ሥር ማየት እየተለመደ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ያልታከመ ሕመም

ስለ ጎዳና አዳሪዎች ጤና በአዲስ አበባ ከተደረጉት ጥናቶች መካከል ከፍተኛ ግምት የሚሰጠው በፕሮፌሰር አበባው ፈቃዱ መሪነት ተካሂዶ በ2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2014) የታተመው ነው። አጥኚዎቹ በ217 አዋቂ የጎዳና አዳሪዎች ላይ ሁለት ዙር ምርመራ አድርገዋል፤ በመጀመሪያ ነርሶች በጎዳናው ላይ እየተዘዋወሩ ለዩ፣ ቀጥሎም የአእምሮ ሕክምና ነርሶች አረጋገጡ። ከተመረመሩት ውስጥ 90 በመቶ ገደማ የሚሆኑት አንድ ዓይነት የአእምሮ ወይም ከአልኮል ጋር የተያያዘ የጤና እክል የነበረባቸው ሲሆን፣ 41 በመቶዎቹ ከእውነታ የሚያፋታና የሌለ ድምፅ የሚያሰማ፣ በሕክምናው አጠራር ሳይኮሲስ የሚባል ከባድ ሕመም ነበረባቸው። 60 በመቶዎቹ አልኮልን በሚጎዳ ወይም ሱስ በሆነ መጠን ይጠጡ ነበር፤ 14.8 በመቶዎቹ ደግሞ ከጥናቱ በፊት በነበረው አንድ ወር ውስጥ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረዋል። ሳይኮሲስ ከነበረባቸው መካከል በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳን ሕክምና ያገኙት 10 በመቶ ብቻ ነበሩ።

የመጨረሻው አኃዝ ከሁሉም ይልቅ የሚመዝን ነው፤ ምክንያቱም የአገሪቱ ታላቁ የአእምሮ ሕክምና ተቋም፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመውና ለብዙ አሥርት ዓመታት በዘርፉ ብቸኛ ሆኖ የኖረው አማኑኤል ሆስፒታል የሚገኘው እዚሁ አዲስ ከተማ ውስጥ ነው። ከወለጋም ሆነ ከወሎ የታመመ ልጁን ይዞ አውቶቡስ ተራ የሚወርድ አባት ሆስፒታሉን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አይጠበቅበትም፤ በዚያው አካባቢ በረንዳ ላይ ለዓመታት የሚኖረው ታማሚ ግን ይዞት የሚሄድ፣ ካርድ የሚያወጣለት፣ መድኃኒቱን ሰዓት ጠብቆ የሚሰጠው አስታማሚ የለውም። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች አሠራር አስታማሚ ለታካሚው ምግብ አቅራቢ፣ መልእክተኛና ከፊል ነርስም ጭምር በመሆኑ፣ አስታማሚ የሌለው ሰው ግማሽ ሕክምናውን አስቀድሞ እንዳጣ ይቆጠራል። በወር አንድ ጊዜ በመርፌ የሚሰጡት የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች፣ በየቀኑ ክኒን የማስታወስን ሸክም ስለሚያስቀሩ ለዚህ ሕዝብ የተመቹ ናቸው፤ የሚፈለገው በወሩ መጨረሻ ሰውየውን ባለበት በረንዳ ሄዶ የሚያገኘው ባለሙያ ነው።

ጥናቱ ከዚህ ሌላ ምግብን፣ መጠለያን፣ የሰው ወዳጅነትንና የመሳሰሉትን 26 የፍላጎት ዓይነቶች የመዘነ ሲሆን፣ ሳይኮሲስ ካለባቸው ሰዎች ከ80 እስከ 100 በመቶ የሚሆኑት በየዘርፉ ያልተሟላ ፍላጎት እንዳላቸው አሳይቷል። አብዛኞቹ ከሁለት ዓመት በላይ በጎዳና የኖሩ ነበሩ፤ የአልኮል ችግርም በጎዳና ከመቆየት ጋር አብሮ ሲሄድ ታይቷል። ሕመሙ ወደ ጎዳና አውጥቷቸው ይሁን ጎዳናው አሳምሟቸው በአንድ ጊዜ በተደረገ ምርመራ መለየት አይቻልም፤ አረቄ ለብርድ ተብሎ ተጀምሮ የብርዱ ምክንያት ሆኖ እንደሚቀር ግን የበረንዳው ኑሮ ራሱ ያስረዳል።

ከተላላፊ በሽታዎች መካከል ከመርካቶ የበረንዳ ኑሮ ጋር ከሁሉ ይበልጥ የሚስማማው አገርሺ ትኩሳት ነው። ይህ በሽታ ቦሬሊያ ሪከረንቲስ በምትባል ጠመዝማዛ ባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን፣ አስተላላፊዋ በልብስ ስፌት ውስጥ የምትኖረው የገላ ቅማል ናት። ቅማሏ በመንከሷ ብቻ አታስተላልፍም፤ ሰውየው ሲያክ ቅማሏ ስትጨፈለቅ ከውስጧ የሚወጣው ፈሳሽ በቆዳ ጭረት ወይም በዓይን በኩል ወደ ደም ይገባል። ትኩሳቱ ለቀናት ካንቀጠቀጠ በኋላ ይተዋል፤ ታማሚው ዳንኩ ብሎ ወደ ሸክሙ ሲመለስ ከሳምንት ገደማ በኋላ ያገረሻል፣ ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው። በአንድ ወቅት በዓለም ዙሪያ ጦርነትንና ረሀብን ተከትሎ ይዛመት የነበረው ይህ በሽታ ዛሬ ቋሚ መኖሪያው ሆና የቀረችው በዋናነት ኢትዮጵያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1991 ደርግ ሲወድቅ በባሕር ዳር አካባቢ በተሰበሰቡ ምርኮኛ ወታደሮች መካከል በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ከአፍሪካ ቀንድ ሜዲትራኒያንን ተሻግረው ጣሊያን፣ ጀርመንና ኔዘርላንድስ በደረሱ ስደተኞች ላይ ሲገኝ፣ በሽታውን በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁት የአውሮፓ ሐኪሞች በማይክሮስኮፕ ሥር ለማየት በቁ።

በሽታው በክረምት የሚበረታው ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ብርድ ሲሆን ሰዎች ያላቸውን ልብስ ሁሉ ደራርበው ይለብሳሉ፣ ተጠጋግተው ይተኛሉ፣ የሚያጥቡትን የሚያሰጡበት ፀሐይም የለም። ሕክምናው ርካሽ ነው፤ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ካልታከመ ከ100 ሰዎች ከ10 እስከ 40 የሚደርሱትን ሊገድል ሲችል፣ ሲታከም የሞት መጠኑ ወደ 5 በመቶና ከዚያ በታች ይወርዳል። ዳሩ ግን መድኃኒቱ ባክቴሪያዎቹን በአንድ ጊዜ ሲፈጃቸው በሰዓታት ውስጥ ኃይለኛ ብርድ ብርድ ማለትና የደም ግፊት መውረድ ስለሚያስከትል፣ ታካሚው ከመርፌው በኋላ አልጋ ላይ ሆኖ ሊጠበቅ ይገባዋል። ልብሱም ካልተቀቀለና ካልተለወጠ ቅማሉ እንዳለ ስለሚቆይ ሕክምናው የአንድ ሳምንት እፎይታ ሆኖ ይቀራል። አንድ ሱሪና አንድ ጃኬት ብቻ ያለው ሰው ልብሱ እስኪቀቀልና እስኪደርቅ ምን ለብሶ እንደሚጠብቅ የሚያስብ የሕክምና መመሪያ ማዘጋጀት ከመድኃኒቱ ይልቅ ከባድ ሆኖ የተገኘ ይመስላል። ጉዳዩ የድሃ አገር ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት፣ በገላ ቅማል የሚተላለፈው ሌላው በሽታ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮችን ያሠቃየው የምሽግ ትኩሳት እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ በቤት አልባዎች ላይ መገኘቱን መጥቀስ ይበቃል።

የሳንባ ነቀርሳ ከዚህ በተለየ ዝምተኛ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ 100,000 ሰዎች 108ቱ በአክታ ምርመራ የሚታይ የሳንባ ነቀርሳ እንዳለባቸው ገምቶ ነበር፤ በአማራ ክልል በደሴና በደብረ ብርሃን ከተሞች በነቀርሳ የተጠረጠሩ 351 ቤት አልባ ሰዎችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት ደግሞ ከእነርሱ 2.6 በመቶው በሽታው እንዳለባቸው አሳይቷል። ሁለቱ አኃዞች በቀጥታ የማይነጻጸሩ፣ ናሙናውም አነስተኛ ቢሆን፣ በቤት አልባዎች ዘንድ በሽታው መበርታቱ ግን አያጠራጥርም። የነቀርሳ ምርመራና ሕክምና በኢትዮጵያ ነፃ ነው፤ ስድስት ወር ይፈጃል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ታካሚው በየቀኑ ጤና ጣቢያ እየሄደ ባለሙያ እያየው መድኃኒቱን ይውጣል። ሌሊቱን ሙሉ ጆንያ ሲያራግፍ አድሮ ንጋት ላይ ለሚተኛ ሰው ጠዋት 2፡30 የሚከፈት በር ለሁለት ወር ያህል በየቀኑ መድረስ፣ ነፃ ሕክምና የሚለው ቃል የማይጨምረው ዋጋ ነው።

ማንሳትና መመለስ

የከተማው አስተዳደር ለጎዳና አዳሪዎች የሰጠው ምላሽ በሁለት መንገዶች መካከል ሲወዛወዝ ኖሯል። በአንድ በኩል በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 መተዳደሪያ የሌለውን ሰው በወንጀል ተጠርጣሪነት ለመያዝ በር የከፈተ ሲሆን፣ ታላላቅ ጉባኤዎችና በዓላት ሲቃረቡ የጎዳና አዳሪዎችን ማንሳት የተለመደ ነው። የተነሡት ሰዎች ሥራቸው መርካቶ በመሆኑ ብዙዎቹ ይመለሳሉ፤ በመካከሉ ግን ያቋረጡት የነቀርሳ መድኃኒት መድኃኒቱን የተላመደ በሽታ ሊያስከትል ይችላል። በሌላ በኩል በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተሞች ምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ፕሮጀክት በ450 ሚሊዮን ዶላር በጀት በ11 ከተሞች 604,000 ሰዎችን ለመድረስ ሲነሣ በጎዳና ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መልሶ ማቋቋምን በይፋ ካካተቱት ቀደምት መርሐ ግብሮች አንዱ ነበር፤ የአዲስ አበባ አስተዳደርም በ2011 ዓ.ም. ማኅበራዊ ትረስት ፈንድ በማቋቋም ሰዎችን ከጎዳና ለማንሳት ሞክሯል። ከመንግሥት ውጭ ከ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ አንሥቶ በከተማዋ የሚሠሩት የእማሆይ ቴሬዛ እህቶችና በቢንያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ማንም የማይቀበላቸውን ተቀብለዋል፤ ሁለቱም ግን ሰውን ከጎዳና የሚያወጡ እንጂ በጎዳና ላይ ያለውን የሚያክሙ አይደሉም። ሠርቶ የሚያድረው ተሸካሚ ደግሞ ለመጦሪያ አልታመመም፤ የሚያስፈልገው ባለበት የሚያየው ሐኪም ነው።

በአሜሪካዋ ቦስተን ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐኪሞችና ነርሶች በሌሊት መኪና ይዘው በየድልድዩ ሥር የሚያክሙበት መርሐ ግብር አለ፤ ከሆስፒታል የወጣ ነገር ግን በጎዳና ለማገገም የማይችል ሰው የሚያርፍበት አልጋም አዘጋጅቷል። ይህን ለመርካቶ ለማላመድ አዲስ ሆስፒታል አያስፈልግም፤ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ በየወረዳው ተመድበዋል፣ ከእነርሱ ጥቂቶቹን ወደ ምሽት ፈረቃ ማዛወርና የልብስ መቀቀያ ያለው የገላ መታጠቢያ ከጤና ጣቢያው ጋር ማያያዝ ከፍተኛውን ሥራ ይሠራል።

የመታወቂያው ጉዳይ በከፊል መፍትሔ እያገኘ ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ያቋቋመው ፋይዳ ሰውን በጣት አሻራና በዓይኑ ምስል ስለሚለይ፣ ማስረጃ የሌለው ሰውም በሚያውቀው ሰው ምስክርነት ሊመዘገብ ስለሚችል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤትን ከማንነት የነጠለ መዝገብ ተገኝቷል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ ግን አሁንም የሚሰበሰበው በቤተሰብ ሲሆን፣ ለችግረኞች መንግሥት የሚከፍለው ድጎማም በወረዳ ነዋሪነት የተወሰነ ነው። በመርካቶ ሕጋዊ ሆነው የተደራጁ የጫኝና አውራጅ ማኅበራት ስላሉ፣ በእነርሱ ሥር በቀን ሒሳብ የሚሠሩትን ያልተመዘገቡ ተሸካሚዎች በማኅበሩ በኩል እንደ አንድ ቤተሰብ ቆጥሮ ወደ መድኑ ማስገባት የሚቻልበት መንገድ አለ፤ ለዚህም የሚያስፈልገው አባል የሚሆነውን ቤተሰብ የሚተረጉመውን መመሪያ ማሻሻል ነው። ለምዝገባው የሚያስፈልገው ምስክር የሱቁ ዘበኛ ሊሆን ይችላል፤ ማን ስንት ዓመት በየትኛው ደጃፍ እንዳደረ ከወረዳው ይልቅ እርሱ ያውቃል።